ፈቃድ ከዘር በፊት

በ1996 የአሜሪካ ገበሬዎች ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ አኩሪ አተርና በቆሎ በስፋት መዝራት ጀመሩ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ የአዋጆቻችን ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምርቱ ሲሰበሰብ ከነባሩ አልተለየም። በአንድ ጎተራ ተከማቸ፣ በአንድ ባቡር ተጫነ፣ በመርከብ ሆድ ውስጥ ተደባለቀ። እንዲህ ያለ ጭነት ከአንድ ድሃ አገር ወደብ ሲደርስ ሰነዱ ላይ የሚነበበው «በቆሎ» የሚል ብቻ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኛው እህሉን ሊመዝን ይችላል። ነቀዝ እንዳለበት፣ እርጥበቱ ምን ያህል እንደሆነ ሊያይ ይችላል። በፍሬው ውስጥ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ይኑር አይኑር እንዲጠይቅ ሥልጣን የሰጠው ዓለም አቀፍ ሕግ ግን አልነበረም። ቢጠይቅም ላኪው የመመለስ ግዴታ አልነበረበትም።

በቆሎ ደግሞ እስኪፈጭ ድረስ ሕይወት አለው። የእርዳታ እህል የደረሰው ገበሬ ከጆንያው ጥቂት ጭብጥ አስቀርቶ ዝናብ ሲጥል ቢዘራው ይበቅላል፣ ያብባል፣ የአበባው ብናኝም በነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ለምግብ የመጣው እህል ማንም ሳይወስን ዘር ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ያ የጉምሩክ ሠራተኛ የሚይዘው ሕግ አለ። ሕጉ የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ይባላል፤ እንዲጻፍ ከታገሉት መካከል በግንባር ቀደምነት የሚጠሩት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ መንግሥትን የሚያማክር ሳይንቲስት ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «ይህ ነገር አደጋ አለው ወይስ የለውም?» ተብሎ ነው። ተወልደብርሃን ዕድሜያቸውን የሰጡት ከዚያ ለሚቀድሙ ጥያቄዎች ነው። ማን ይወስናል? ምን አውቆ? ጉዳት ቢደርስስ ማን ይከፍላል? ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው ልውጠ ሕያዋንን፣ ማለትም ዘረመላቸው በላቦራቶሪ የተለወጠ ሕያዋንን፣ የተቃወሙ ሰው አድርጎ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ትልቁ ሥራቸው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከስብሰባ አዳራሽ ንግግር አውጥተው የሕግ አንቀጽ ማድረጋቸው ነው።

የተወለዱት በፌብሩዋሪ 1940፣ ዓድዋ አቅራቢያ በምትገኝ ዓዲ ንፋስ በምትባል መንደር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አዲስ አበባ በ1963፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በ1969 ከዌልስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ፤ ሙያቸው የዕፅዋት ሥነ ምህዳር ነው። ከ1974 እስከ 1978 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ አብዮቱ ዩኒቨርሲቲውን ባመሰባቸው ዓመታት ማለት ነው። ቀጥለው የብሔራዊ ሄርባሪየሙ ኃላፊ፣ ከ1983 እስከ 1991 ደግሞ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከእነዚህ ሹመቶች ሁሉ ለኋላው ሥራቸው የጠቀማቸው የሄርባሪየሙ ይመስለኛል። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት መዝገብ ቤት ነው። አጥኚው ሜዳ ወጥቶ አንድ ተክል ከነአበባውና ከተቻለም ከነሥሩ ይነቅላል፣ በጋዜጣ መሐል ዘርግቶ ይጫነዋል፣ ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ይሰፋዋል ወይም ያጣብቀዋል። ከወረቀቱ ጥግ ላይ ተክሉ የተገኘበት ስፍራ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፋል። የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት በ1980 ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጀመር መሪው ተወልደብርሃን ነበሩ። ሥራው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በስምንት ቅጽ መዝግቦ የተጠናቀቀው በ2009 ነው፤ ከአዘጋጆቹ አንዷ ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ስለ «ማሽላ» በጥቅሉ መናገር ይከብደዋል። የትኛው ማሽላ? የየት ቆላ? ከማሳው ዳር የበቀለው የዱር ዘመዱስ?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለኢትዮጵያ ከባድ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ዞረው ስንዴና ገብስ ከሰበሰቡ በኋላ፣ ኢትዮጵያ በዓለም ላይ የሰብል ዓይነቶች ከበዙባቸው ጥቂት ማዕከሎች አንዷ መሆኗን ጻፉ። ጤፍ፣ ኑግ፣ እንሰት፣ ቡና ከዚህ ምድር የተገኙ ናቸው። ማሽላ ከዱር ዘመዶቹ ጋር ጎን ለጎን ይበቅላል፣ ይዳቀላልም። በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ከበቆሎ ጋር የሚዳቀል የዱር ዘመድ የለም፤ ስለዚህ በቆሎ ውስጥ የተጨመረ ዘረመል ከማሳው ወጥቶ የዱር ተክል ውስጥ ይገባል የሚል ስጋት እዚያ ብዙ አያስጨንቅም። ወሎ ውስጥ ማሽላ ላይ የሚጨመር ዘረመል ግን መውጫ መንገድ አለው። አንዴ ከወጣም ፋብሪካ እንደሸጠው ጉድለት ያለበት ዕቃ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። በአንድ አገር የተረጋገጠ ደኅንነት ለሌላ አገር እንዳለ አይገለበጥም ማለት ነው።

የዘር ሀብቱ ሌላም ጣጣ አለው። የካሊፎርኒያን ገብስ የሚያቀጭጭና ቢጫ የሚያደርግ ቫይረስ ነበር፤ የአሜሪካ ተመራማሪዎች መከላከያውን ያገኙት ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ ነው። ያን ገብስ ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ያቆየው ገበሬ ስሙም አልተመዘገበም፣ ክፍያም አልጠየቀም፤ በጊዜው ዘር እንደ ሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ይቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ግን ነገሩ ተለወጠ። የዓለም ንግድ ድርጅት ሲመሠረት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱ በጥቃቅን ሕዋሳት ላይ የባለቤትነት መብት እንዲሰጥ፣ የዕፅዋት ዝርያም በአንድ ዓይነት ሕግ እንዲጠበቅ አስገደደ። በነጻ የወጣ ዘር ባለቤት ኖሮት በዋጋ የሚመለስበት መንገድ ተከፈተ። በ1999 የአፍሪካ አገሮች በኬንያ በኩል ለድርጅቱ ባቀረቡት ሐሳብ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ጥቃቅን ሕዋሳት ሁሉ ከባለቤትነት መብት ውጪ ይሁኑ አሉ። ተወልደብርሃን ለዓመታት ሲሟገቱለት የኖሩት አቋም ይህ ነው።

ቴክኖሎጂው ራሱ ምን እንደሆነ ለማየት ጥጥን እንውሰድ። በአፈር ውስጥ የሚኖር ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ይህ ባክቴሪያ የአንዳንድ ትሎችን አንጀት የሚበሳ ፕሮቲን ይሠራል፤ ሰው ላይ ግን እንዲያ አያደርግም፤ በሰው አንጀት ፕሮቲኑ የሚጣበቅበት ቦታ የለም። ሳይንቲስቶች ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ዘረመል ለይተው ጥጡ ውስጥ አስገቡት። ጓይ ትሉ የጥጡን ፍሬ ሲበላ ይሞታል፤ ገበሬው የሚረጨው መድኃኒት ይቀንሳል። ሐሳቡ ብልህ ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን ትሉ ከትውልዶች በኋላ ፕሮቲኑን ሊለምደው ይችላል፤ ይህም በሌሎች አገሮች በተግባር ታይቷል። ዘሩ ዲቃላ ከሆነ ደግሞ ከምርቱ መልሶ የተዘራው እንደ መጀመሪያው አይሰጥም፤ ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል። የመጀመሪያው የባዮሎጂ፣ ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። የተወልደብርሃን ክርክር ሁለቱንም አንድ ላይ መዝኑ የሚል ነበር። የላኪ አገሮች ተደራዳሪዎች ደግሞ «ሳይንስ» ሲሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የሚቆጥሩት።

የፕሮቶኮሉ ድርድር ሥሩ ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው። በ1992 እዚያ የተፈረመው የብዝሀ ሕይወት ስምምነት በአንቀጽ 19 ላይ፣ አገሮች ስለ ልውጠ ሕያዋን ዝውውር የተለየ ፕሮቶኮል ያስፈልግ እንደሆነ እንዲመክሩ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው። ያን ዓረፍተ ነገር ወደ ሕግ ለመለወጥ ስምንት ዓመት ፈጀ። በ1995 ጃካርታ ላይ ድርድሩ እንዲጀመር ተወሰነ፤ በ1996 የሥራ ቡድኑ ዴንማርክ ኦርሁስ ላይ ተሰበሰበ።

ብዙ ድሃ አገሮች እንዲህ ወዳለ ድርድር የሚሄዱት ሌሎች በጻፉት ረቂቅ ላይ አስተያየት ለመስጠት ነው። የላኳቸውም ተደራዳሪዎች አንድ ወይም ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን የሚካሄዱት ስብሰባዎች ግን አራትም አምስትም ይሆናሉ። የአፍሪካ ቡድን በተወልደብርሃን መሪነት ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው የተሟላ የራሱን ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። በእንዲህ ያለ ድርድር ግን ጠረጴዛው ላይ ያልተጻፈ ሐሳብ እንደሌለ ይቆጠራል፤ የተጻፈውን ግን ማንም ሊያስወጣው ቢፈልግ ምክንያት መስጠት አለበት፣ ምክንያቱም ይመዘገባል። ስለ ጉዳት ካሳ፣ ስለ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ተጽዕኖ የሚናገሩት አንቀጾች ሌሎች ባይፈልጓቸውም እስከ መጨረሻው በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሆነው፣ ማለትም ስምምነት ያልተደረሰባቸው ተብለው፣ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሳይንቲስት አማካሪ ለመሆን ለሚያስብ ወጣት ከዚህ የበለጠ የምመክረው የለኝም፤ አስተያየትህን በቃል አትተው፣ አንቀጽ አድርገህ ጻፈው።

በፌብሩዋሪ 1999 ከ130 በላይ አገሮች ፕሮቶኮሉን ለማጽደቅ ኮሎምቢያ፣ ካርታኼና ከተማ ተሰበሰቡ። ስድስት እህል ላኪ አገሮች፣ ማለትም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ቺሊና ኡራጓይ፣ «የማያሚ ቡድን» ተብለው አንድ ሆኑ። አሜሪካ የብዝሀ ሕይወት ስምምነቱን ስላላጸደቀች የመምረጥ መብት አልነበራትም፤ ሆኖም ከጀርባ ከሁሉ የከበደ ድምፅ የእሷ ነበር። በሌላ በኩል ቻይናንና የማያሚ ቡድን አባላት ያልሆኑትን አብዛኞቹን ታዳጊ አገሮች የያዘው «የተመሳሳይ አቋም ቡድን» ቆመ፤ ቃል አቀባዩ ተወልደብርሃን ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት፣ የምሥራቅና የመካከለኛው አውሮፓ አገሮች፣ እንዲሁም እነ ጃፓን፣ ኖርዌይና ስዊዘርላንድ ያሉበት «የአስታራቂ ቡድን» በመሐል ነበሩ።

የተጣሉበት ነጥብ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ፕሮቶኮሉ ለዘር የሚላከውን ብቻ ይግዛ ወይስ ለምግብ፣ ለመኖና ለፋብሪካ በመርከብ የሚጫነውንም? ለዘር የሚላከው ከንግዱ ጥቂቱ ነው። የማያሚ ቡድን እህሉ ከወጣ ፕሮቶኮሉን እቀበላለሁ አለ። ለታዳጊዎቹ አገሮች ግን እህሉ ከወጣ የቀረው ባዶ ወረቀት ነው፤ ለምን እንደሆነ የእርዳታ በቆሎ የዘራው ገበሬ ያስረዳል። ስብሰባው ሳይስማማ ተበተነ።

ሊቀ መንበሩ የኮሎምቢያው የአካባቢ ሚኒስትር ሁዋን ማይር ተስፋ አልቆረጡም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር አምስቱን ቡድኖች ቪየና ላይ ጠርተው በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጡ። ማን ቀድሞ ይናገር የሚለው እንኳ መናቆሪያ እንዳይሆን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ኳሶች ከከረጢት እያስወጡ ተራውን በዕጣ አደረጉት። ብዙ ሰዎች የሚንጫጩበት አዳራሽ ቀርቶ የአምስቱ ቡድኖች ተወካዮች ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር የሚቀመጠው አፍሪካዊ በወንበር ቁጥር እኩል ሆነ። እዚህ ላይ የተወልደብርሃን የሙያ ልምድ ጠቀመ። ስለ ብናኝ ሲነሳ ስለ ብናኝ፣ ስለ ንግድ ሕግ ሲነሳ ስለ ንግድ ሕግ መመለስ የሚችሉ ሰው ስለነበሩ ነገሩን «ለባለሙያ እናስተላልፈው» ብሎ ማዘግየት አልተቻለም።

መጨረሻው የሞንትሪያል ክረምት ነው። በጃንዋሪ 2000 ለሳምንት ተደራድረው የቀራቸው ነገር ወደ ሁለት ቃል ጠበበ። እህል የጫነ መርከብ ሰነድ ላይ ምን ይጻፍ? ታዳጊ አገሮችና አውሮፓ «ልውጠ ሕያው አለበት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ አሉ። ላኪዎቹ ይህ ከገበሬው ማሳ ጀምሮ እህሉን ለይቶ መያዝ ይጠይቃል፣ ወጪው አይቻልም አሉ። ጃንዋሪ 29 ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል «ሊኖርበት ይችላል» በሚለው ተስማሙ፤ ዝርዝሩ በኋላ እንዲወሰን ተባለ። ዝርዝሩ የተወሰነው በ2006 ብራዚል ኩሪቲባ ላይ ነው፤ እህሉ ተለይቶ የተያዘ ከሆነ «አለበት»፣ ካልሆነ «ሊኖርበት ይችላል» ተብሎ ይጻፋል።

ያ ስምምነት ለማን ምን ሰጠ? ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ወገን አስቀድሞ ማሳወቅና የተቀባዩን አገር ፈቃድ መጠበቅ አለበት። ተቀባዩ ማስታወቂያው እንደደረሰው በ90 ቀን፣ ውሳኔውን ደግሞ በ270 ቀን ይመልሳል፤ ዝም ማለቱ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ለምግብና ለመኖ የሚሆነውን ልውጥ ሰብል በአገሩ የፈቀደ መንግሥት በ15 ቀን ውስጥ በጋራ የመረጃ ማዕከል በኩል ለሌሎቹ ያስታውቃል። ሳይንሳዊ እርግጠኝነት አለመኖሩ አንድን አገር ጥንቃቄ ከማድረግ አያግደውም። ፕሮቶኮሉ ሃምሳኛውን ማጽደቂያ አግኝቶ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 በሥራ ላይ ዋለ፤ ሃምሳኛዋ ፓላው የምትባል ትንሽ የፓሲፊክ ደሴት አገር ነበረች። ዛሬ አባላቱ ከ170 ይበልጣሉ።

በመሐሉ ግን አንድ ፈተና ደርሶ ነበር። በ2002 ደቡባዊ አፍሪካ በድርቅ ሲመታ የመጣው የእርዳታ በቆሎ የተለወጠ እህል የተቀላቀለበት ነበር። ዛምቢያ ጨርሶ አልቀበልም አለች። ዚምባብዌ፣ ሞዛምቢክና ማላዊ ተፈጭቶ ይግባ አሉ፤ የተፈጨ በቆሎ አይበቅልምና። ብዙ የምዕራብ ጋዜጦች የዛምቢያን መንግሥት ሕዝቡን በረሃብ የሚቀጣ አድርገው ጻፉ። በእኔ ዐይን ዋናው ጥፋት ጥያቄው የተነሳበት ሰዓት ነው። የተራበ ሰው በር ላይ ቆሞ ስለ ብናኝ መወያየት ለማንም የሚሆን አይደለም፤ ውይይቱ ረሃቡ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ ነበረበት። ፕሮቶኮሉ ግን ያኔ ገና በሥራ ላይ አልዋለም።

የካሳ ጉዳይ ሳይቋጭ ቀርቶ ነበር። በካርታኼና ሌሊቶች ያልተፈታው ቋጠሮ «በኋላ እንነጋገርበታለን» በሚል አንቀጽ 27 ታለፈ። ተወልደብርሃን ነገሩን አልተዉትም። በ2005 ለዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ወደ ሞንትሪያል ሊሄዱ ሲሉ የካናዳ ቪዛ ተከለከሉ፤ ከብዙ አገሮች ተቃውሞ ሲነሳ ተፈቀደላቸው። የካሳውን ሥርዓት የያዘው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በኦክቶበር 2010 ጃፓን ናጎያ ላይ ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ2018 ነው። የጉዳት ኃላፊነትን በሕግ ለማስፈር የሚሞክር ሰው የዕድሜውን እኩሌታ መመደብ እንዳለበት ይህ ይናገራል።

ተወልደብርሃን በ2000 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ለምድር ባለውለታዎች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበሉ። ከ1995 ጀምሮ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ዋና ሥራ አስኪያጅ ስለነበሩ ድርድሩን ያካሄዱት ቢሯቸውን እየመሩ ነው።

ሽልማቱ ከሚነግረን ይልቅ እኔን የሚስበኝ በ1996 በትግራይ የጀመረው ሥራ ነው። በአንድ በኩል ለአፍሪካ ገበሬ ሲናገሩ፣ በሌላ በኩል ገበሬው ራሱ ማስረጃ የሚያመነጭበትን መንገድ እየፈለጉ ነበር። ሱ ኤድዋርድስ የመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በአራት አካባቢዎች ሥራውን ጀመረ። ጎርፍ የሚያስቀር እርከንና ቦይ ተሠራ፣ በእርከኑ ላይ የዝሆን ሣርና ሰስባኒያ ተተከለ፣ ልቅ ግጦሽ በመንደሩ ሕግ ተገደበ፣ ኮምፖስት በጉድጓድ ተዘጋጀ። ሌላ ማዳበሪያ የሚገዙም አልተከለከሉም፤ ሁለቱን አይቶ መምረጥ የገበሬው ፈንታ ነው።

ልኬቱ እንዲህ ነው። መከሩ ሲደርስ ባለሙያውና ባለማሳው አብረው ይገባሉ። ማሳው ውስጥ ሰብሉ ያማረበት፣ መካከለኛ የሆነበትና የደከመበት ቦታ ይመረጣል፤ በሦስቱም ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ይሰመርና ይታጨዳል። ፍሬውና ገለባው ለየብቻ ይመዘናል። ገለባው የሚመዘነው ለከብቱ መኖ ስለሆነ ነው፤ የምርምር ጣቢያ ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ገበሬው አይዘነጋም። ከ2000 እስከ 2006 በገብስ፣ በስንዴ፣ በጤፍና በባቄላ ማሳዎች የተሰበሰበው ውጤት፣ ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ በአማካይ ከሰው ሠራሽ ማዳበሪያው ጋር የሚወዳደር ወይም የሚበልጥ ምርት እንደሰጠ አሳየ። ውጤቱን የሚጠራጠር ባለሙያ አይጠፋም፤ ማሳዎቹ በዕጣ የተመደቡ አይደሉም፣ ትጉህ ገበሬ ኮምፖስትም ይሠራል ምርቱም ይበረክታል የሚል ተገቢ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ግን ሕዝብን በሳይንስ ማሳተፍ ማለት ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ የማሳየው ይህን ነው። ገበሬው የተነገረውን በማዳመጥ ብቻ አልቀረም፤ የራሱን ማሳ መዝኖ ለጎረቤቱ ተናገረ።

ወደ አዋጁ እንምጣ። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን ተከትላ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ያወጣችው ተወልደብርሃን ባለሥልጣኑን ሲመሩ ነው። አዋጁ ጠንካራ ነበር። አስመጪውን ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ በታጠረ ማሳ ሙከራ ማድረግ የሚፈልገውንም ተመራማሪ በአንድ ዓይን አየ። የግብርና ተመራማሪዎቻችን ገና ያልመረመርነውን ነገር እንዴት አደጋው ምን እንደሆነ እንመስክር ብለው አጉረመረሙ። እውነታቸውን ነው። ጥንቃቄን የሚሰብክ ሕግ፣ ጥንቃቄው የሚመሠረትበትን እውቀት በአገር ውስጥ ልጆች ማፍራትን ማቅለል ነበረበት። ሮበርት ፓርልበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ደግሞ በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ የአፍሪካ ፍርሃት ከአውሮፓ የተቀዳ ነው ብለው ተከራከሩ። በዚህ አልስማማም። የእኛው ተደራዳሪ ያቀረቡት ረቂቅ ከአውሮፓ ኅብረት አቋም የጠነከረ ነበር፤ የመነጨውም ከማሽላ፣ ከገብስና ከገበሬው ጆንያ ነው።

አዋጁ በ2015 በቁጥር 896/2007 ተሻሻለ፣ የምርምር በር ተከፈተ። በ2016 ጓይ ትልን የሚቋቋም ጥጥ በታጠሩ ማሳዎች ተሞከረ፤ በ2018 ከህንድ የመጡ ሁለት ዲቃላ ዝርያዎች ለእርሻ ተፈቀዱ። ሂደቱ ሕጉን የጠበቀ ነው። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 23 አባል አገሮች በውሳኔው ሂደት ሕዝቡን እንዲያማክሩ፣ የውሳኔውንም ውጤት እንዲያሳውቁ ይላል። በእኛ አገር በጥጡ ላይ የተከራከሩት ባለሙያዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ጥቂት ማኅበራት ናቸው። የአዋሽ ወይም የመተማ ጥጥ አምራች ዘሩ በየዓመቱ የሚገዛ መሆኑን፣ ትሉ ሊለምደው እንደሚችል፣ ለዚያም መሸሻ የሚሆን ያልተለወጠ ጥጥ ጎን ለጎን መዝራት እንደሚመከር በሬዲዮ፣ በቋንቋው፣ ጥያቄ እየጠየቀ ሲሰማ አላየሁም። የተወልደብርሃን ሥራ ከሞንትሪያል እስከ አዲስ አበባ ድረስ ደርሷል። ከአዲስ አበባ እስከ ወረዳው ያለው መንገድ ገና ነው።

ተወልደብርሃን በማርች 2023፣ በ83 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ ጥያቄያቸው አዲስ መልክ ይዞ መጥቶ ነበር። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኮርቴቫ ኩባንያ ጋር ሆኖ ጤፍ ላይ እየሠራ ነው። ጤፍ ረዥምና ቀጭን ስለሆነ ሲያፈራ፣ ዝናብና ነፋስም ሲመታው ይተኛል፤ የተኛው ምርት ይበሰብሳል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። ተመራማሪዎቹ የሚጨምሩት የባዕድ ዘረመል የለም። የራሱን የጤፉን ቁመት የሚቆጣጠር አንድ ዘረመል በዘረመል አርትዖት ስልት ቆርጠው ሥራ ያስፈቱትና አጠር ያለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጤፍ ያገኛሉ። ፕሮቶኮሉ ልውጠ ሕያው የሚለው በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ የተገኘ አዲስ የዘረመል ጥምረት ያለውን ሕያው ነው። በራሱ ዘረመል ላይ አንድ ቁራጭ የጠፋበት ጤፍ ይህን ትርጉም ያሟላል? አንዳንድ አገሮች አያሟላም፣ እንደ ማንኛውም የተሻሻለ ዝርያ ይታይ ብለው ወስነዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 እንዲህ ያለው ሰብል በኅብረቱ የልውጠ ሕያዋን ሕግ ሥር ይወድቃል ብሎ ነበር፤ የኅብረቱ ኮሚሽን ደግሞ በ2023 ሕጉን የሚያላላ ሐሳብ አቀረበ።

ለእኛ ጉዳዩ ከማንም በላይ የቀረበ ነው፤ የሚነካው ሰብል የእኛው ስለሆነ። የሚተኛ ጤፍ ለአድአ ገበሬ በየዓመቱ የሚያየው ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጤፍ ሊፈልገው ይችላል። በስልቱና በዝርያው ላይ የማን የባለቤትነት መብት እንዳለ፣ ከማሳው ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ማስቀረት ይፈቀድለት እንደሆነ፣ ገለባው ሲያጥር ለበሬው የሚቀረው መኖ ምን ያህል እንደሚሆን ግን እሱም ሊጠይቅ፣ እኛም ልንመልስለት ይገባል። ጊዜው አሁን ነው፤ ጤፉ ገና ወደ ገበሬው ማሳ አልወጣም።